ስለ ጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ለአባቴ
ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በወጣው ልም አጥንት ምትክ ሌላ በንቅለ ተከላ ሊያስገቡልኝ መሆኑን ስነግርዎ «የወጣውን መልሰው የሚተኩልህ ከሆነ የእኔንስ ለምን አይተኩልኝም?» ላሉኝ በስልክ በወጉ ስላልመለስኩልዎ ይህን ጻፍኩ።

በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል፣ በየጉልበቱ ሁለት ሁለት፣ ሜኒስከስ የሚባሉ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች አሉ፤ የሰውነትን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍላሉ። በእኔ ጉልበት፣ ኳስ ስጫወት የተቀደደው ደም የማይደርሰው ክፍል ስለነበር መስፋት አልተቻለም፤ ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሙሉውን አወጡት። ይህ ሲሆን ክብደቱ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ፣ የአጥንቱን ጫፍ የለበጠው ልስልስ ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላል። ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን ለውጥ በራጅ ተመልክቶ በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፎት ነበር፤ ሐኪሞች ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሙሉውን ከማውጣት አልተቆጠቡም።

ንቅለ ተከላው የሚጠቅመው ይህ ሽፋን ሳያልቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራውም ዕድሜያቸው ከ50 በታች ለሆነ፣ እግራቸው ላልተንጋደደና የጉልበታቸው ጅማት ለጸና ሕሙማን ነው። በእርስዎ ራጅ ላይ ግን አጥንት ከአጥንት ጋር ተቀራርቦ ይታያል፤ በዚያ ላይ አዲስ ሜኒስከስ ቢገባ ተፈጭቶ ያልቃል። የእርስዎ ሕመም ከበረታ የሚታሰበው መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው፤ እስከዚያው ግን የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ይረዳዎታል።

የሚተከልልኝ ሜኒስከስ ከሞተ ሰው የተለገሰ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ የቆየና በራጅና በኤምአርአይ ከጉልበቴ ጋር የተለካ ነው። እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አይፈልግም። ለጋሹን በስም ባላውቀውም በጸሎትዎ ያስቡት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል በክራንች እሄዳለሁ፤ ጉልበቴንም ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳላጥፍ ታዝዣለሁ፤ ስለዚህ ስግደት ለጊዜው ይቀርብኛል። ኳስ እንድመለስ ሐኪሜ አይመክረኝም። ንቅለ ተከላው ሕመሙን እንደሚያቀልልኝ ተስፋ አድርጓል፤ የመገጣጠሚያውን መበላት ፈጽሞ ያስቀራል ብሎ ግን ቃል አልገባልኝም፤ እኔም ስለ ሐቀኝነቱ ይበልጥ አመንኩት።

ያ የእርስዎ ራጅ የቆየ ስለሆነ፣ እባክዎ ቆመው አዲስ ይነሡና በወንድሜ ስልክ ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ