ስለ አሜሪካ ፒክአፕ፦ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ መኪና የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ወንድማችን "የአሜሪካ ፒክአፕ ነዳጅ የሚጠጣ ጉራ ነው፤ መኪና የሚያውቅ ሰው ቶዮታ ይነዳል" ብለው ደምድመዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ከቡና ወሬ አያልፍም። እኔ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሴራሚክ አነጥፋለሁ። እንጀራዬም ፒክአፕ ነው፣ ሱሴም ፒክአፕ ነው። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ "እባካችሁ ስለ መኪና አታንሱበት" ብላ ታስጠነቅቃለች። እናንተ ግን አነሳችሁት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የቶዮታውን ነገር እንጨርስ። ቶዮታን አልጠላም። ኮምቦልቻ አድጎ ሃይሉክስን የሚጠላ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ሃይሉክስ አይሸጥም። ከ1995 ጀምሮ ቦታውን የያዘው ታኮማ ነው። ስሙ ብቻ ሳይሆን ሻሲውም (መኪናው የተቀመጠበት የብረት አጽም) ሌላ ነው። የዚያ ሻሲ ዝገት ቶዮታን ፍርድ ቤት አቁሞት፣ በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ካሳ ተስማምቷል። ትልቁ ቱንድራስ? የ2022 እና የ2023 ሞተሮች ውስጥ ፋብሪካ ላይ ያልጸዳ የብረት ፍርፋሪ ተገኘ። በ2024 የቶዮታው የቅንጦት ስም ከሆነው ከሌክሰስ ጋር ተደምሮ ወደ 102 ሺህ መኪና ሪኮል ተደረገ፤ ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ጠራው ማለት ነው። ደግሞስ ቱንድራ የሚገጣጠመው የት ሆነና! እዚሁ ሳን አንቶኒዮ ነው። ውድ ከሆኑት ዓይነቶቹ አንዱ "1794" ይባላል፤ ፋብሪካው ያረፈበት የከብት እርባታ የተመሠረተበት ዓመት ነው። ከዚህ በላይ ቴክሳሳዊ ፒክአፕ ካለ ንገሩኝ።

ስለዚህ "ጃፓን ጥሩ፣ አሜሪካ መጥፎ" የሚለውን እንተወው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም አለው።

ከፎርድ ልጀምር፤ የምነዳው እሱን ስለሆነ ለማድላት ይመቸኛል። የኤፍ ቤተሰብ ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ ሽያጭ የሚቀድመው ፒክአፕ አልተገኘም። በ2015 ፎርድ የኤፍ 150ን ገላ ከብረት ላሜራ ወደ አሉሚኒየም ሲቀይረው ብዙ ሰው ሳቀ። በዓመቱ ሼቭሮሌ ማስታወቂያ ሠራ። ከላይ የግንብ ድንጋይ ሁለቱ መኪኖች ላይ ደፋ፤ የፎርዱ ካሶኒ ተበሳ፣ የሼቭሮሌው ተሰረጎደ። እኔ ማስታወቂያውን አልተቀየምኩትም፤ እውነት ነው። ግን ድንጋይ ከከፍታ ካሶኒ ላይ የሚደፋ ማነው? ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ነው የሚጭነው። ጎማ ምንጣፍ አንጥፉበት፣ አለቀ። ፎርድ በዚህ እስከ 700 ፓውንድ ክብደት ቀነሰ። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት አይዝግም። በፎርድ የምናደደው በሌላ ነገር ነው። ከ2004 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የሠሩት 5.4 ሊትር ሞተር ካንዴላው (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ሲፈታ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይቀር ነበር። ካንዴላ መቀየር ቀላል ሥራ ነው። እሱን ቀን ሙሉ የሚፈጅ ቀዶ ጥገና ማድረግ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

ጀኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ሁለት ስም ያለው አንድ መኪና ይሸጣል። ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ እና ጂኤምሲ ሲዬራ ፎርት ዌይን፣ ኢንዲያና ከአንድ ፋብሪካ ይወጣሉ። ጂኤምሲ የገዙ ወዳጆቼ "የእኛ ይለያል" ሲሉ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ወዳጅነት ይበልጣል። የድሮው 5.3 ሊትር ሞተር በቀላሉ የሚጠገን፣ ዕቃውም እንደ ልብ የሚገኝ ነበር። በኋላ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ከስምንቱ ሲሊንደር አራቱን በጉዞ ላይ የሚያሳርፍ ብልሃት አስገቡበት። የሞተሩ ጣጣ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ትልቁ 6.2 ሊትር ደግሞ በ2025 ጉድ አፈላ። በሞተሩ ውስጥ በሚሽከረከሩት በኮሎውና በቢየላው አሠራር ጉድለት የተነሳ ሞተሩ በሩጫ ላይ ነክሶ ሊቆም ይችላል ተባለና ወደ 600 ሺህ መኪና ተጠራ። ምርመራውን ላለፈው መኪና የተሰጠው መፍትሔ ምን ነበር? ወፈር ያለ ዘይት። የዘይት ክዳንም አዲስ፣ አዲሱ ቁጥር የተጻፈበት። ኮምቦልቻ የነበሩ መካኒኮች ይህን ቢሰሙ "እኛስ ምን አልን?" ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ፋብሪካ ራም ምቾት ያውቃል። በ2009 የኋላውን ባሌስትራ (የተነባበረውን ብረት) አንስቶ ሞላ (ጥቅል ብረት) ሲያስገባ "ጭነት አይችልም" ተባለ፤ ዛሬ ባዶውን ሲሄድ የማያንገጫግጭ "ግማሽ ቶን" የሚባለውን ቀላል ፒክአፕ ከፈለጋችሁ እሱን ነው የምመክራችሁ። በ2025 ሞዴል ሄሚ የሚባለውን ቪ 8 ሞተር አውጥተው ባለ ስድስት ሲሊንደር ተርቦ ተኩ። ገዢው አኮረፈ። ለ2026 መለሱት። ስለ ከባዱ ራምና ስለ ከሚንስ ናፍጣ ሞተሩ ግን ቀልድ የለም። ከ1989 ጀምሮ አብረው ናቸው፤ የጥንቱ 5.9 ሊትር ሞተር ዕድሜ ሰው ያስቀናል። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ከሚንስ የጭስ ምርመራን የሚያታልል መሣሪያ ገጥሟል ተብሎ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ስለ ቴስላው ሳይበርትራክ ብትጠይቁኝ፣ በ2025 በማጣበቂያ የተያዘ የብረት ጌጡ በመንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ወደ 46 ሺህ ተጠርቷል። ወደ ቁም ነገሩ።

ጸሐፊው ወንድማችን "ጉራ" ያሉት ላይ እስማማለሁ፤ ግን ጉራው በስሙ አይደለም ያለው። የትም ሄዳችሁ ማንኛውም ፒክአፕ አጠገብ ቁሙና የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ፣ ጎማ የተሳለበት አንዲት ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። የሰውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ ቁጥር መብለጥ የለበትም ትላለች። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሃያ ደቂቃ ያወራችኋል። ይህችን ወረቀት ግን አያሳያችሁም።

እንቁጠር። ቆዳ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያ፣ በሩ ሲከፈት ራሱ የሚወርድ መረገጫ ያለው ባለ አራት በር መኪና ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ 1,400 ፓውንድ ይላል። ለምን አነሰ? ቆዳውም፣ መስታወቱም፣ መረገጫውም ክብደት ናቸው፤ መኪናው ከተፈቀደለት ላይ እነሱን ተሸክሞ ነው የሚጀምረው። አሁን እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሠራተኞች ግቡ። 720 ሄደ። 680 ቀረ። አንድ የሴራሚክ ማጣበቂያ ከረጢት 50 ፓውንድ ነው። አሥራ ሦስት ከረጢት ጫንኩና አበቃ። ሴራሚኩ ገና መሬት ላይ ነው!

"ማስታወቂያው 13 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ይላል" የሚለኝ አይጠፋም። መጎተትና መሸከም ለየቅል ነው። ተጎታቹ ከክብደቱ ቢያንስ አሥር በመቶውን መኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል። 10 ሺህ ፓውንድ ስትጎትት 1,000 ፓውንድ ካለህ ላይ ተቀነሰ። ከ1,400 ውስጥ የቀረው 400 ለአንተና ለባለቤትህ ነው፤ ልጆቹ በሌላ መኪና ይምጡ። 702 የፈረስ ጉልበት የነበረው የራም ቲአርኤክስ የመሸከም አቅሙ 1,310 ፓውንድ ነበር። ጉልበቱ የት ሄደ? መብራት ላይ ቀድሞ መነሳት ላይ።

የእኔዋ ነጭ ኤፍ 150 ባለ ሁለት በር ናት። ካሶኒዋ ስምንት ጫማ ነው፤ ወንበሯ በጨርቅ የሚጠረግ ፕላስቲክ ነው። በሯ ላይ ሁለት ሺህ ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ተጽፏል። እኔና ረዳቴ ገብተን ከሠላሳ ከረጢት በላይ እንጭናለን። ያገኘኋት ጨረታ ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች። እህቷን ለመጨመር ባለፈው በጋ ስሙን የማልጠራው መኪና ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። የሀገራችን ልጅ ነው ያስተናገደኝ። ትሑት ልጅ። "ጋሼ፣ ባለ ሁለት በር ግቢያችን ውስጥ የለም። እሱን ኩባንያዎች በትዕዛዝ ነው የሚወስዱት። ይልቅ ይቺን ላሳይዎት" ብሎ አንድ ሳሎን ካሶኒ የተቀጠለበት መኪና አሳየኝ። ብድሩ ለ84 ወር ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው! ልጅ ተወልዶ አንደኛ ክፍል ይገባል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፋብሪካዎቹ ትርፍ ስላገኙበት ነው፤ ግን በር የዘጋላቸው ሕግም አለ። ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው፤ ቀልድ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ በርካሽ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጨመረ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን መለሱ። ከ1964 ጀምሮ በድንች ስታርች፣ ከስታርች በሚሠራው በዴክስትሪን፣ በብራንዲ እና በትንንሽ የጭነት መኪና ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ተጣለ፤ የመኪናው 25 በመቶ ነው። የሌላው በጊዜ ብዛት ተነሳ። የጭነት መኪናው እስከ ዛሬ አለ። ጠቡን ያስነሱት ሰዎች ሞተው አልቀዋል፤ ዶሮዎቹ የተበሉ ደግሞ ስንት ዘመናቸው። ያ ቀረጥ ግን ዛሬም ከውጭ የሚመጣን ርካሽ ትንሽ ፒክአፕ ከበር ይመልሳል።

ይባስ ብሎ ፎርድ ራሱ ገባበት። ትራንዚት ኮኔክት የተባለችውን የዕቃ መኪና ከቱርክ ሲያስገባ የኋላ ወንበርና መስኮት ገጥሞ "የሰው ማመላለሻ ናት" ይል ነበር። ባልቲሞር ወደብ ስትደርስ ወንበሩ ይነቀላል። በ2024 ጉዳዩን በ365 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋው። ያው ፎርድ በ2011 ትንሿን ሬንጀር አሜሪካ ውስጥ አቆመ፤ ለቀረው ዓለም አዲስ ሬንጀር መሸጡን ግን ቀጠለ። እዚህ የተመለሰችው በ2019 ነው፣ ወፍራም ሆና። በዚህ ላይ የነዳጅ ቁጠባው ደንብ አለ። መኪናው መሬት ላይ የያዘው ስፋት በጨመረ መጠን ግዴታው ይላላል። ትልቅ ሥራ የሚል ሕግ አውጥተህ ትልቅ ሠሩ ብለህ መቆጣት ምንድነው?

የኮፈኑን ቁመትም ሳልናገር አላልፍም። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የሀይዌይ ደህንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ የሆነ መኪኖች 30 ኢንችና ከዚያ በታች ከሆኑትና ፊታቸው ካዘቀዘቀው ይልቅ እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ወደ 45 በመቶ ይበልጣል። 40 ኢንች አንድ ሜትር ገደማ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችንን ፓርኪንግ አስቡት። ሕፃናቱ ዳቦ ይዘው በመኪኖቹ መሃል ይሮጣሉ። አዲሱን ከባድ ፒክአፕ የያዘው ወንድማችን ከፊቱ የቆመችን የአራት ዓመት ልጅ አያያትም። ስለዚህ ፒክአፕ ያላችሁ፣ ከግቢው ውጪ አቁማችሁ በእግር ግቡ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የሒሳብ ባለሙያዎቻችን በዲሴምበር መጨረሻ "ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና ግዛ፣ ከታክስ ይቀነስልሃል" ይላሉ። ሕጉ አለ። ግን 6,000 የሚባለው ጭነቱን ጨምሮ የተፈቀደለት ክብደት ነው፤ ቅናሹም መኪናው ለሥራ በዋለው ልክ ነው። ታክስ ለመቀነስ ብሎ ሰባት ዓመት ዕዳ መግባት ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም።

በመጨረሻ የማመሰግነውን ላመስግን። ፎርድ ማቬሪክ የምትባል ትንሽ ፒክአፕ ለ2022 አወጣ። ሃይብሪድ ሆና መነሻ ዋጋዋ 19,995 ዶላር ነበር። የካሶኒዋ ግድግዳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከጎን እጅህን ዘርግተህ ከረጢት ታነሳለህ፤ ወገብ ይተርፋል። ሰው ተሻማባት። እነሱም ሲሻማ አይተው ዋጋውን ጨመሩ፤ የ2025ቷ ከ26 ሺህ በላይ ነበር የምትጀምረው። ያም ሆኖ በቴክሳስ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ የቀለም፣ የቧንቧ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ አዲስ የአሜሪካ ፒክአፕ አላውቅም። አራት በር ብቻ መሆኗ ቅር ይለኛል። ሁለቱን በር አንስተው ካሶኒውን ቢያስረዝሙልኝ ነገ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ተሰልፌ እገኛለሁ፤ ቀለሟ ምንም ይሁን።

አክባሪያችሁ፣
ሴራሚክ አንጣፊው አንባቢያችሁ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ