ፎርሙ «ስኳር አለብህ ወይ?» ካለ አትፈርሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጤና ኢንሹራንስ መወደድ የምታወጡትን እከታተላለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው የናረበት ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማንም ሲጽፍ አላየሁም፤ እኔን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስንቱ ሰዋችን ኡበር ይነዳል፣ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ትንሽ ሱቅ ይዟል። ብዙው አሠሪ የሚገዛለት ኢንሹራንስ ስለሌለው ራሱ ከማርኬትፕሌስ፣ ኦባማኬር ከምንለው በሕግ ከተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ፣ ይገዛል። ከ2021 ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያውን ያቀለለው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃ። ሂሳቡ ሲያሻቅብ ሰው ርካሽ ይፈልጋል። ርካሹ ደግሞ ሳይጠሩት በስልክ፣ በቴሌግራም ግሩፕ፣ ከቅዳሴ መልስ በሚያገኙት ወዳጅ በኩል ይመጣል። «በግማሽ ዋጋ ነው፣ ያው ኢንሹራንስ ነው» ይሉሃል። ያው አይደለም!

እኔ ስኳር አለብኝ። የኦባማኬር ሕግ ሥራ ላይ ሳይውል ለራሴ ኢንሹራንስ ልገዛ ስሞክር ፎርሙ ገና ከመጀመሪያው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ፣ ካንሰር እያለ ይጠይቅ ነበር። እውነቱን ሞላሁ። መልሱ በፖስታ መጣ፣ ልንቀበልህ አንችልም የሚል። ያኔ በአብዛኛው ስቴት ይህ ሕጋዊ ነበር፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ከበር ይመለሳል፣ ጤነኛው ይገባል። በ2010 የተፈረመው ሕግ ይህን በመጀመሪያ ለልጆች፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ለአዋቂዎችም ከለከለ። አሁን ኩባንያው ዋጋ ሲያወጣ ዕድሜህን፣ ሰፈርህን፣ ሲጋራ ማጨስህንና ስንት ሰው እንደምታስመዘግብ ነው የሚያየው። በሽታህን ማየት አይችልም። ይህ ሕግ በ2017 ሊሽሩት ሲሞክሩ ሴኔት ውስጥ በ51 ለ49 ድምፅ ለጥቂት ነው የተረፈው። እኛ ግን በገዛ ፊርማችን ከሱ እየወጣን ነው።

ምክንያቱም ርካሾቹ በዚህ ሕግ አይተዳደሩም። አንደኛው ሾርት ተርም የሚባለው የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ነው። ሥራ ቀይሮ ክፍተት ለገጠመው ሰው ለጊዜው መሸፈኛ ተብሎ የመጣ ነበር፣ አሁን እንደ ዋና ኢንሹራንስ እየተሸጠ ነው። ሌላው በሃይማኖት ስም የተቋቋመው የወጪ መጋራት ማኅበር ነው። ሻጮቹ «እንደ እድራችን በሉት» ይላሉ። እድር ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑን ይዞ ይመጣል፤ ይህኛው ግን ኢንሹራንስ እንኳ ስላልሆነ ሂሳብህን እንዲከፍል በሕግ አይገደድም፣ ብዙዎቹም ስትገባ የነበረብህን ሕመም ለዓመታት አይነኩትም።

ደም ግፊት ያለባት አንዲት እህታችን የፈረመችውን የሾርት ተርም ውል እንዳነብላት ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ፎቶ አለ። ገባ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ ውሉ ከመጀመሩ በፊት የታከመ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ወይም ምልክቱ የታየ ሕመም አይሸፈንም ይላል። ምልክቱ የታየ! ሳታክም የተውከው ራስ ምታት ሁሉ ሊገባ ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ስትሮክ ቢመታው ወይም ኩላሊቱ ቢታመም፣ ኩባንያው የድሮ የሐኪም ፋይሉን አስመጥቶ «ይሄ ቀድሞ የነበረብህ ነው» ለማለት መንገዱ ክፍት ነው። እስከዚያ በየወሩ ከአካውንቷ ገንዘብ ይቆረጣል። ይህን ሳነብላት ዝም አለች፤ የሸጠላት ሰው የምትወስደውን ክኒን ሁሉ ጠይቋት መዝግቦ ነበር፣ ስለሚያስብልኝ ነው ብላ ነበር እሷ።

ሌላም ጣጣ አለ። የሥራ ኢንሹራንስ ሲቋረጥብህ ማርኬትፕሌስ ለመግባት 60 ቀን ይሰጥሃል። ሾርት ተርም ሲያልቅብህ ግን ይህ ዕድል የለም። ማርች ላይ ታመምክ እንበል፣ ሌላ ምክንያት ካላገኘህ በቀር እስከ ኖቬምበር ጠብቀህ ተመዝግበህ፣ ሽፋኑ ጃንዋሪ ላይ ይጀምርልሃል። ኢንሱሊን ያን ያህል አይጠብቅም።

ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ገና ያልያዙት ደግሞ የባሰ ነው የሚጠብቃቸው። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2027 ጀምሮ የማርኬትፕሌስ ድጎማው ለነሱ ይቀራል። እነዚህ ሻጮች በብዛት የሚሄዱት ወደ እነሱ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ካሁኑ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

65 ዓመት ላልሞላውና ለግሉ ለሚገዛ ሰው አንድ ቀላል መለያ አለ። ሻጩ ሊቀበልህ ወይም ዋጋ ሊያወጣልህ ብሎ ስለ በሽታህና ስለምትወስደው መድኃኒት ከጠየቀ፣ የሚሸጥልህ ነገር ሕጉ የሚጠብቅህ ዓይነት አይደለም። ስልኩን ዝጋ። ከዚያ ገቢህን ይዘህ የስቴትህን ማርኬትፕሌስ ጠይቅ፣ ምናልባት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ለሚሰጠው ሜዲኬይድ ትበቃ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ሳይሞክር ነው አይሰጡኝም የሚለው። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ዲሲ ውስጥማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያስተረጉምልህ የሚያዝ የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም ጥያቄ አለኝ። የእንዲህ ያለ ሻጭ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ፣ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ፕላኑ ነባር በሽታን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ አድርጉ፣ መልሱንም ከማስታወቂያው ጋር አትሙት። ኖቬምበር 1 ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ የሾርት ተርምና የማርኬትፕሌስ ውል ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በአማርኛ አንድ ገጽ አውጡልን። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ የሚለጥፉ ሰዎች እኔ አመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ