ስለ ኮራል መብራት ስለጻፋችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ቤት ውስጥ ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ስለማሳደግ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ጨውና ስለ ውሃው የተባለው ጥሩ ነው። መብራቱ ላይ ስትደርሱ ግን «ዋቱ የበዛውን ኤል ኢ ዲ ግዙ» ብላችሁ አለፋችሁት። ይህችኑ ምክር ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሻጭ ሰምቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ። ሳሎኔ ውስጥ 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም፣ የመስታወት የውሃ ገንዳ፣ አለ። ፍቅሩ ያደረብኝ ከአባቴ ነው። በደርግ ጊዜ ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበር፤ ከጀልባ ላይ ቁልቁል ያየውን ኮራል ሲያወራ አይጠግብም። ባለቤቴ «አባትህ ባሕሩን አይቶት መጣ፣ አንተ ተሸክመኸው መጣህ» ትለኛለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ድሮ የነበረኝ ቲ ፋይቭ የሚባለው ረጅሙ ፍሎረሰንት ነው። በየዓመቱ አምፖል መቀየሩ ሲሰለቸኝ ባለ 165 ዋት ኤል ኢ ዲ ገዛሁ። ሰቀልኩትና ሰማያዊውንም ነጩንም እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ቤቱ ቦግ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ሀመር የሚሉት፣ ጫፎቹ የመዶሻ ራስ የሚመስሉት ኮራል መዘርጋት ተወ። በአሥረኛው ቀን ነጣ። አጠገቡ ድንጋይ ጥላ ሥር የነበረችው ቁራጭ ግን አረንጓዴነቷን አልለቀቀችም። ውሃው ቢበላሽማ ሁለቱም በታመሙ ነበር።

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ግን አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተክል መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ፤ በብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ብርሃኑ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን የሚጎዳ ኦክስጅን ማመንጨት ይጀምራሉ፣ ኮራሉም ያባርራቸዋል። ያኔ ነው የሚነጣው።

ዋት የሚነግራችሁ ቆጣሪው ስንት እንደሚቆጥርባችሁ ነው። ሉመንም ብዙ አይረዳም፤ ለሰው ዓይን የተሠራ መለኪያ ስለሆነ አረንጓዴውን ያጋንናል፣ ሰማያዊውን ያሳንሳል። ባሕር ደግሞ ቀዩን ላይ ላዩን ውጦ ወደ ታች የሚያሳልፈው ሰማያዊውን ነው። ስለዚህ ኮራል ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር የሆነውን ወይን ጠጅና ሰማያዊ ብርሃን ነው። ለእኛ ደብዘዝ ያለ የሚመስለን መብራት ለእሱ ሊያቃጥል ይችላል።

ትክክለኛው መለኪያ ፓር ይባላል፤ አልጌዎቹ ምግብ ለመሥራት የሚጠቀሙበት ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ከአንድ የአኳሪየም ክበብ ለቅዳሜና እሑድ ተዋስኩት። ሀመሩ የነጣበት ቦታ ላይ 380 አነበበ! ለሱ ከ80 እስከ 150 ይበቃው ነበር። 200ና 300 የሚፈልጉት እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋሞቹ ናቸው፤ እንጉዳይ የሚመስለው ኮራል በ50ም ይኖራል። መለኪያውን ከመሃል 20 ሳንቲሜትር ወደ ጥግ ብወስደው 380ው 90 ሆኖ አረፈው። አንድ ትልቅ መብራት እንደ እጅ ባትሪ መሃሉን ብቻ ይመታል። አሁን ብገዛ ሁለት ትንንሽ እገዛለሁ፤ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚስተካከሉ፣ ማራገቢያቸው የማይጮህ። ቀን ለሚተኛ ሰው የማራገቢያ ነገር ቀላል አይደለም።

መብራቱን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በ30 ፐርሰንት እንደገና ጀመርኩ። በየሳምንቱ 5 ፐርሰንት ጨመርኩ፣ 55 ላይ ቆምኩ። በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 3፣ ዘጠኝ ሰዓት ይበራል። ኮራሉ የውጭውን ፀሐይ አያውቅ፤ ሰዓቱን ለሥራዬ እንዲመች ነው ያደረግሁት።

የነጣው ሀመር ሞተ። ጥላ ሥር የነበረችው ቁራጭ ግን አራት ራስ አውጥታለች። ጸሐፊያችሁ ከፈለጉ አንዱን ቆርጬ በነፃ እሰጣቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን መብራታቸውን ይቀንሱልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ