ባለውለታዎችን የሚያወሱ ፖድካስቶች ከውዳሴ በፊት ማስረጃ ይያዙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥቁር አሜሪካውያንን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን፣ ላቲኖዎችንና ከእስያ የመጡ አሜሪካውያንን የሚያወሱ፣ ማንነታቸውንና ሥራቸውን የሚዘክሩ ፖድካስቶች በእንግሊዝኛ ሞልተዋል። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወጣቶቻችን መካከልም ይህንኑ በአማርኛ ለመሥራት የሚነሡ አሉ። ሊበረታቱ ይገባል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ይበላሻል፦ ያልተጣራ ታሪክ ይነገራል፣ በጥንቃቄ ያልተያዘ ቅጂም ዓመታት ሳይቆይ ይጠፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የዶክተር ቻርልስ ድሩን ታሪክ እንውሰድ። ጥቁሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1940 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ደም ክምችት ነበር፤ በዚያው ዓመት በጦርነት ላይ ለነበረችው ብሪታንያ የደም ፕላዝማ የሚላክበትን ሥራ በሕክምና ኃላፊነት መርቷል። በኤፕሪል 1950 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «የነጮች ሆስፒታል አላስገባም ስላለው ደም አጥቶ ሞተ» የሚል ወሬ ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬም በየፖድካስቱ ይደገማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአላማንስ ጠቅላላ ሆስፒታል ነጭ ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ ተረባርበው ነበር። አብሮት በመኪናው ውስጥ የነበረ ጥቁር ሐኪምም ይህንኑ መስክሯል። ጉዳቱ የሚያተርፍ አልነበረም።

ወሬው ለምን ተቀባይነት አገኘ ቢባል፣ የሚመስለው ነገር በእርግጥ ይደርስ ስለነበር ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ በዚያው አካባቢ፣ ማልቲየስ ኤቨሪ የተባለ ጥቁር ተማሪ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ወደ ዱክ ሆስፒታል ቢወሰድ ለጥቁሮች የተመደበው አልጋ ሞልቷል ተብሎ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የአሜሪካ ቀይ መስቀልም በጦርነቱ ጊዜ መጀመሪያ የጥቁሮችን ደም አልቀበልም አለ፤ በ1942 ሲቀበል ደግሞ ከነጮቹ ለይቶ ነበር የሚያስቀምጠው። ድሩ ደም ዘር እንደሌለው በይፋ ተናግሯል። እንግዲህ የበደሉ ማስረጃ በእጅ እያለ የፈጠራ ወሬ መድገም ምን ይባላል? አንድ አድማጭ የድሩ አሟሟት ወሬ ሐሰት መሆኑን ባወቀ ቀን የኤቨሪንም ታሪክ አያምንም። የሚጎዳው እንግዲህ እናወድሰው የተባለው ሰውና ወገኑ ነው።

ጥቁሩ ፈልሳፊ ጋሬት ሞርጋንም እንደዚሁ ነው። «የትራፊክ መብራትን የፈለሰፈ» ይባላል። የትራፊክ መብራት ለንደን ላይ በ1868፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ በራሱ በሞርጋን ከተማ በክሊቭላንድ በ1914 ተተክሎ ነበር። ሞርጋን በኖቬምበር 1923 የባለቤትነት መብት ያገኘው «እለፍ» እና «ቁም» ከሚሉት በተጨማሪ ሁሉንም አቅጣጫ ለጊዜው የሚያስቆም ሦስተኛ ምልክት ላለው መሣሪያ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ መጨመር አያስፈልገውም።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ከመናገር በፊት በምን፣ የት፣ በማን መዝገብ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ግድ ነው። ቤሲ ኮልማን በጁን 1921 ፈረንሳይ አገር ከዓለም አቀፉ የበረራ ፌዴሬሽን (FAI) የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት ስንል ሦስቱም ተመልሰዋል። በካሊፎርኒያዋ ደላኖ የወይን እርሻ አድማ ላይ ግን ነገሩ ይዛባል። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 ሥራ ያቆሙት በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩት ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ በአብዛኛው የላቲኖ ሠራተኞች የነበሩበት የሴሳር ቻቬዝ ማኅበር የተቀላቀላቸው ከሳምንት በኋላ ነው። የቻቬዝን ስም ብቻ የሚያነሣ ዝግጅት አንዱን ሕዝብ ሲያከብር ሌላውን ይጋርዳል።

ወደ እኛው ልምጣ። ጥቁሩ አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 ከቺካጎ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የነበረችውን ጥቂት አውሮፕላን ያላት አየር ኃይል በአዛዥነት መርቷል። በ1936 ወጣ፣ በ1944 አብራሪዎችን ለማሠልጠን ተመለሰ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ጠንቅ ሞተ። ስለ እርሱ የሚሠሩ ዝግጅቶች ብዙዎቹ «የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረተ» ይሉታል። አየር መንገዱ በዲሴምበር 1945 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር በተዋዋለው መሠረት ነው፤ የመጀመሪያ በረራውንም በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ አደረገ። የሮቢንሰን ድርሻ ሥልጠናው ነው፣ ይህንንም በልኩ መናገር ይቻላል።

በአማርኛ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ የሚሠሩት የሌላቸው ነገር አለው። በእንግሊዝኛ የሚሠሩት የጥቁሮቹን ጋዜጣ የቺካጎ ዲፌንደርን የ1935 ዘገባዎች ያገላብጣሉ። የአዲስ ዘመንን የመጋቢት 1946 ዓ.ም. (የኢትዮጵያ አቆጣጠር) እትሞች ወመዘክር ሄዶ ማንበብ ግን የአማርኛ አንባቢ ድርሻ ነው። ስለ አደጋው ምን ተጻፈ? ቀብሩ ላይ እነማን ተገኙ? ከእርሱ የተማሩት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች እነማን ነበሩ፣ ልጆቻቸውስ ምን ሰምተዋል? አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በአንድ ቀን የሚያየውን እዚህ ያለ አዘጋጅ በአንድ ዓመት አያገኘውም።

ለማጣራቱ ሥራ ቀላል ልማድ አለ። የሚነበበው ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ስም፣ ዓመት፣ ቁጥር ወይም «የመጀመሪያ» የሚል ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በኅዳጉ ላይ ተራ ቁጥር ይሰጠው። ለእያንዳንዱ ቁጥር እርስ በርሳቸው ያልተገለባበጡ ሁለት ምንጮች ይፈለጉ፤ ከሁለቱ አንዱ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ የተጻፈ ይሁን፤ ጋዜጣ፣ የፓተንት ሰነድ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ደብዳቤ። አሥር ድረ ገጽ አንዱን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከደገመው አንድ ምንጭ ነው። ሁለተኛ ምንጭ የታጣለት ነገር «እንዲህ ይባላል» ተብሎ ይነገር ወይም ይውጣ።

በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስናነጋግር ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። «በ72 ነው የገባሁት» የሚሉ አባት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ ወዲያው ካልተጠየቁ በኋላ የሚያውቅ የለም። የኢትዮጵያው 1972 ከሆነ ከሴፕቴምበር 1979 እስከ ሴፕቴምበር 1980 ነው፤ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣውም በዚሁ ጊዜ፣ በማርች 1980 ስለሆነ በምን መንገድ እንደገቡ ይገልጽልናል። የፈረንጁ 1972 ከሆነ አብዮቱም አልፈነዳም፤ ሰውየው ተማሪ ሆነው መጥተው ይሆናል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ሁለት ሰዓት ላይ» ሲባል የትኛው ሁለት ሰዓት? ጥያቄውም መልሱም እዚያው ቅጂው ላይ መግባት አለበት። ስምን በመዝገብ ስንፈልግም ጸሐይ አንዴ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ አንዴ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ትገኛለች፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም፣ የአያት ስም የአባት ስም ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ስማቸው በአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል እንዲናገሩ ይጠየቁ።

ጠያቂውም ራሱ ለውጥ ያመጣል። ከ1936 እስከ 1938 የፌዴራል መንግሥቱ የጸሐፍት ፕሮጀክት በባርነት የኖሩ ከ2,300 በላይ ጥቁሮችን ቃል ሰብስቧል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የደቡብ ነጮች ስለነበሩ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች የተናገሩት ለሕይወታቸው የማያሰጋውን ብቻ ነው። ክምችቱን የሚጠቀም አዘጋጅ ማን እንደጠየቀ ሳይመለከት አንዱንም ቃል መጥቀስ የለበትም። እኛም እናትን በጎረቤት ፊት፣ ቄሱን በምእመን ፊት ብንጠይቅ የምናገኘው ለታዳሚው የሚስማማውን ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ የተዘጋ በር። ከ2003 ጀምሮ ተራ አሜሪካውያንን እርስ በርስ ሲያነጋግር የኖረው ስቶሪኮርፕስ ለአንድ ጭውውት 40 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ለአረጋውያን ልኩ ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በላይ ድካሙ ድምፃቸው ላይ ይሰማል፤ በሌላ ቀን መቀጠል ይሻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥብቅ ላሳስብ። ሰው ሲያወራን «እ» እያልን፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን መስማታችንን እናሳያለን። ፊት ለፊት ሲሆን ጨዋነት ነው፤ ቅጂ ላይ ግን ያች ትንፋሽ የእማማ ንግግር ላይ ትወድቅና መቀስ አይለያትም። ጠያቂው ጭንቅላቱን ነቅነቅ በማድረግና በዓይኑ ይመልስ። እማማ ራሳቸው «እ» ሲሉ ግን አይቆረጥ፣ መልሳቸው ነው። ንግግራቸውን ከጨረሱ በኋላም አራት ሰከንድ ዝም ይባል። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

የክፍሉ ዝግጅት ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይበልጣል። መጋረጃ፣ ምንጣፍና ሶፋ ያለበት ሳሎን ባዶ ግድግዳ ካለው ቢሮ ይሻላል። ፍሪጁ ይነቀል፤ መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ የመኪና ቁልፍ እዚያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ያለ ቁልፍ ማንም አይሄድም። ስልኮች ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ይፈላ፤ ሲኒ ረከቦት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ቃጭልታ ልክ ቁም ነገሩ ላይ ይገባና ዓረፍተ ነገሩን ይገድለዋል። የቡናው ድምፅ ካስፈለገ ለብቻው ይቀዳ፤ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ከጀበና ሲቀዳ። ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅም ለአንድ ደቂቃ ይቀዳ፤ በአርትዖት ጊዜ የተቆረጠበትን ቦታ የሚሸፍነው እርሱ ነው።

ባልተዘጋጀ ክፍል ዳይናሚክ ማይክሮፎን ከኮንደንሰር ይመረጣል፣ የሩቁን ጫጫታ ያን ያህል አይለቅምምና። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማይክሮፎን፣ ለየራሱ መስመር፤ ከአፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ በአማርኛ ተፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ የድምፅ መጠኑን ከፍ አድርጎ መቅዳት አደገኛ ነው፤ ከፍተኛው ከዜሮ (ቅጂው ሊይዘው ከሚችለው የመጨረሻ መጠን) በታች 12 ደሲቤል አካባቢ ይሁን። ከላይ የተቆረጠ ድምፅ አይጠገንም፤ ዝቅ ያለ ግን ይነሣል። ቅጂው በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል)፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ይሁን፤ አንድ ሰዓት በአንድ መስመር 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለአድማጭ የሚወጣው ኤምፒ ስሪ ሲሆን የድምፁ አማካይ ልክ በስቴሪዮ ከዜሮ በታች 16፣ በሞኖ 19 ኤልዩኤፍኤስ (ድምፅ ለጆሮ የሚጎላበት ልክ መለኪያ) ይስተካከል፤ አለበለዚያ አድማጭ አውቶቡስ ውስጥ አይሰማውም። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ከሥር ማስገባት ዝግጅቱን ከየመድረኩ ያስነሣል።

ከዚያ ማስቀመጡ። ፖድካስት የሚያድረው በየወሩ በሚከፈልበት ማስተናገጃ ላይ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ዝግጅቱ ከሁሉም መተግበሪያ ይጠፋል። ዋናው የዋቭ ቅጂ በሦስት ግልባጭ፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ መያዝ አለበት። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና ክፍሉን ይያዝ፤ «አዲስ ቅጂ 7» የሚል ፋይልን ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም አይከፍትም። ሙሉ ጽሑፉም ይገልበጥ፤ ለለመደ ሰው እንኳ አንድ ሰዓት ቅጂ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሰውና የቦታ ስም ላይ ኮምፒውተር ስለሚሳሳት በሰው ዓይን ይታረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቋንቋቸው በተሠራ ኮድ መልእክት ያስተላልፉ የነበሩት የናቫሆ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ወታደሮች ሥራ ከምስጢርነት የወጣው በ1968 ነው። ከ1942ቱ የመጀመሪያዎቹ 29 የመጨረሻው ቼስተር ኔዝ በ2014 አርፏል። ሃያ ዘጠኙን አሁን መጠየቅ አይቻልም፤ ያለን በጊዜው የተቀዳው ብቻ ነው።

የፈቃድ ቅጹ ከቀረጻው በፊት በአማርኛ ይነበብላቸው፤ ለምን እንደሚውል፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሳይወጣ በፊት የትኛውን ክፍል ማስቀረት እንደሚችሉ ይግለጽ። ፊርማው ከተደረገ በኋላም ቢሆን «ያችን ስለ ወንድሜ ያልኳትን ተዋት» ካሉ ትቀር። ዝግጅት ክፍሉ የዚህን ቅጽ ናሙና በአንድ እትም ቢያወጣልን ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ለማዘጋጀቱ እኔም እተባበራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የድምፅ ዝግጅት አርታኢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ