የመርከቡ ራት ነገር

ሚጣዬ የኔ እህት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከነልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የድምፅ መልእክትሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሳቅሽ እንደ ድሮው ነው። መጨረሻ ያወራን ጊዜ ትንሿ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አሁን መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው ስትይኝ ክው አልኩ። ማን ጠፋ፣ ማን ዘጋ እያልን አንካሰስ። አንቺ የሌሊት ፈረቃ፣ እኔ የቀን። አንቺ ስትነሺ እኔ ስተኛ ዓመቱ ሄደ። ናፍቀሽኛል፤ እሱን ብቻ እወቂልኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «እማዬ ሐምሌ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ነሐሴ ላይ ከባልቲሞር ተነስተን በመርከብ ሽርሽር፣ ክሩዝ እንሄዳለን። ኤጀንቱ ግን የራት ሰዓት ምረጪ አለኝ። ቋሚውን ልያዝ ወይስ እንደፈለግሽ የሚለውን?» ነው ያልሽው። በስልክ ልመልስልሽ ነበር፤ ግን ልጆቹ አያስወሩኝም። ባሌ ልጽፍ ስቀመጥ አይቶ «ራት ነው እኮ፣ ምን ይጻፍበታል?» አለኝ። እሱ ምን ቸገረው! ዐቢይ ጾም ላይ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ በመርከብ የሄድን ጊዜ፣ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሱ ላይ ቡፌው ጋ ወጥቶ ፒዛውን እየገመጠ ነበር። ጾም አያውቅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርከቡ ትልቁ ሬስቶራንት ተሳፋሪውን ሁሉ ባንዴ አይችልም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ ሰው የሚበላው በሁለት ዙር ነው። አንደኛው ዙር 11፡30 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይገባል። ሁለተኛው ማታ 2 ወይም 2፡30 ላይ። ሰዓቱን ሁሉ በሀበሻ ነው የምጽፍልሽ፤ የመርከቡ የስልክ አፕ ስድስት ሲልሽ አሥራ ሁለት በይ። ይሄ ቋሚው ነው። ጠረጴዛሽ አንድ ነው፣ አስተናጋጅሽም አንድ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ካስቀመጡሽ ደግሞ ሰዎቹም እስከ መጨረሻው ቀን እነሱው ናቸው። ጥሩ ሰዎች ከደረሱሽ ዘመድ ታፈሪያለሽ። ካልደረሱሽ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጉልበት ቀዶ ሕክምናቸው ትሰሚያለሽ።

ሁለተኛው ምርጫ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ በፈለግሽው ሰዓት መግባት ነው። ይሄ ድሮ የሀብታም ወግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ እንኳ፣ የአንደኛ ማዕረግ ሰዎች ለብቻው ከፍለው ባሻቸው ሰዓት የሚበሉበት ሬስቶራንት ነበራት። በዋናው አዳራሽ ለሚበላው ግን ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ጥሩምባ ሲነፋ ይሄዳል። ዛሬ ለሁሉም ሰው የተለመደው፣ ኖርዌጂያን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ ቋሚ ሰዓትን ካስቀረ ወዲህ ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። ካርኒቫል «ዩር ታይም» ይለዋል፣ ሮያል ካሪቢያን «ማይ ታይም»። እነዚህ ሁለቱ ግን ቋሚውንም አልተዉም፤ ጎን ለጎን ያስኬዱታል።

እንዲያውም ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2014 ኳንተም የምትባል አዲስ መርከብ ሲያወጣ፣ ትልቁን አዳራሽ አስቀርቶ በትንንሽ ሬስቶራንቶች ከፋፍሎት ነበር። ዛሬ የት ልብላ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልግባ እያሉ አስቀድሞ ማስያዝ ነው። ሰዉ አማረረ። ኩባንያውም ቆይቶ ወደ ድሮው ተመለሰ። ለዕረፍት ሄዶ ቀጠሮ ሲያስይዝ መዋል ማን ይወዳል?

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። «በፈለግሽ ሰዓት» ሲሉሽ «ሳትጠብቂ» ማለታቸው አይደለም። ኤጀንቶቹ ይቺን ዘለው ነው የሚያልፉት። ሰው ሁሉ የሚርበው ባንድ ሰዓት ነው። በፈለጋችሁ ጊዜ ኑ የተባለው ሕዝብ ከ12፡30 እስከ 1፡45 ባለው ጊዜ በር ላይ ይከመራል። ትርኢቱም አለ። ቲያትር ቤቱ ብዙ ጊዜ ማታ 1 ሰዓት እና 3 ሰዓት ላይ ያሳያል፤ የ3 ሰዓቱን ማየት የፈለገ ሁሉ 1 ሰዓት ላይ ራት ይፈልጋል። ወደብ የዋላችሁ ቀን ደግሞ ሁሉም ባንዴ ከፀሐይ ገብቶ፣ ባንዴ ሻወር ወስዶ፣ ባንዴ ይወርዳል።

እኛ በሁለተኛው ቀን ልክ 1 ሰዓት ላይ ሄድን። ስድስት ነን። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ስማችንን መዘገበና አንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ሰጠን። ጠረጴዛ ሲገኝ ይንቀጠቀጣል፣ ቀይ መብራትም ያበራል። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው አጠገብ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ፕላስቲኩን እኔ ልያዝ አሉና እንቁላል እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተዘረሩ። ከኛ ኋላ የመጡ ባልና ሚስት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገቡ። ጠጋ ብዬ ልጁን «እንዴት ነው ነገሩ?» አልኩት። ከማያውቁት ሰው ጋር ለመቀመጥ እሺ ስላሉ ነው አለኝ። ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ላይ የሚሞላ ወንበር አይጠፋም፤ ለሁለት ሰው ብቻ ወይም ለስድስት ሰው ለብቻ ሲባል ነው የሚያስቸግረው። እንዲህ እያልን ፕላስቲኩ ድንገት ተንቀጠቀጠ። አማቴ «በስመ አብ! ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?» ብለው ወረወሩት። ባሌ እስከ ዛሬ ይስቃል።

ከዚያ በኋላ ብልሃቱ ገባን። በሩ ሲከፈት፣ 12 ሰዓት ላይ ከሄድሽ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። ወይም ከ2፡15 በኋላ ሂጂ፤ የመጀመሪያው ሰው በልቶ ጠረጴዛው ይለቀቃል። መሃሉን ለሌላው ተዪለት። አስቀድሞ ሰዓት መያዝ የሚቻልበት መርከብ ከሆነ ደግሞ ገና ቤትሽ ሳለሽ በአፑ ያዢ። ሮያል ካሪቢያን ይሄን ይፈቅዳል። ካርኒቫል ላይ ግን አስቀድሞ መያዝ የለም። ሲርብሽ አፑ ላይ ትመዘገቢያለሽ፤ ጠረጴዛ ሲገኝ በስልክሽ ይጠራሻል። ጥሩነቱ በር ላይ አትቆሚም፤ ላይ ሆነሽ ባሕሩን እያየሽ ትጠብቂያለሽ።

አፑ ሰዓት የለም ቢልሽ ተስፋ አትቁረጪ። የተሳፈራችሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ መዋኛውን ሲያዩ አንቺ ወደ ሬስቶራንቱ ውረጂ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ወይም ረዳቱ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ሊያስተካክል ይቀመጣል። ሰዓት መቀየር፣ ጠረጴዛ መቀየር፣ ከመስኮት አጠገብ መሆን፣ ሁሉም የሚያልቀው እዚያ ነው። ማታ በር ላይ ከተጋፋሽው አይሰማሽም። ቀን በጨዋ ደንብ ከጠየቅሽው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያደርግልሻል። እኔም ሄጄ «በየቀኑ 12 ሰዓት፣ ስድስት ሰው፣ ከተቻለ ያንኑ አስተናጋጅ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ማይ ታይም ወስደሽ ቋሚ አደረግሽው እኮ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ!

«ያንኑ አስተናጋጅ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አማቴ ጾመኛ ናቸው። በየቀኑ አዲስ አስተናጋጅ ከመጣ በየቀኑ ታስረጃለሽ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ አይብ የለም። እሺ ይሉሽና ፓስታው ላይ አይብ በትነውበት ይመጣሉ። አትክልት ብቻ የሚበላ ሰው ሁሉ አይብ ይበላል ብለው ነው የሚያስቡት። የመጀመሪያው ማታ አማቴ ሰሃኑን በጣታቸው ገፋ አድርገው ዳቦና ሰላጣ በሉ። አንጀቴን በሉት።

ሦስተኛው ማታ ላይ አንድ የህንድ ልጅ ነበር የደረሰን። ነገሩን ስነግረው አላስጨረሰኝም፤ «ገብቶኛል፣ እናቴም እንዲሁ ናት» አለ። ሄደና ከኩሽና ምስር በቲማቲም፣ ሩዝና የተጠበሰ ጎመን አበባ ይዞ መጣ። አማቴ ቀምሰው «ይሄ ልጅ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየማታው እሱ ጋ ነው የተቀመጥነው። ሜኑ ከመስጠቱ በፊት የሳቸውን ሰሃን ያስቀምጣል። «ማማ፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግ» ይላቸዋል። እሳቸውም በአማርኛ ይመርቁታል። ብዙ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ የህንድ አትክልት ምግብ ስለማይጠፋ አንቺም ጠይቂ። ለነገው ከፈለግሽ የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ አሳዩኝ በያቸው፤ ኩሽናው ቀድሞ ካወቀ ሌላ ነው። ኤጀንቱም ስትመዘገቡ ጾሙን እንዲጽፍበት አድርጊ።

ነሐሴ ስትይኝ ቀኑን አይተሽዋል? ፍልሰታ ነው እኮ! እማማ ደግሞ በፍልሰታ ቀልድ አያውቁም። እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ እሳቸው ለመብላት ሲነሱ ቡፌው ብዙ ጊዜ የምሳውን ዕቃ እያነሳ ነው። ስለዚህ ለሳቸው ራቱ የቀኑ ዋና ምግብ ይሆናል። ማታ 2፡30 ድረስ አስቀምጠሻቸው ቆይተሽ እንደገና «ጠረጴዛ እስኪገኝ» ልትያቸው ነው? አይሆንም። 12 ሰዓት ይብሉ። ቀጥሎ ፀሎታቸውን ያድርሱ፣ ይተኙ።

ከባልቲሞር መነሳትሽ አንድ ነገር ይለውጣል። እነዚያ በማስታወቂያ የምታያቸው፣ ከአምስት ሺህ ሰው በላይ የሚጭኑት ግዙፎቹ መርከቦች እዚያ አይገቡም። ወደ ውቅያኖሱ ሲወጡ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለባቸው፤ የድልድዩ ከፍታ ደግሞ 186 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚደርስሽ መካከለኛ መርከብ ነው። ሰዉ ያንሳል፤ ግን መብያ ቦታውም ያንሳል። ግዙፎቹ ላይ አንዱ ሬስቶራንት ቢሞላ ሌላ ትሞክሪያለሽ። አንቺ ጋ ያ አዳራሽ ከሞላ በነጻ የሚቀርሽ ቡፌው ነው ማለት ይቻላል። ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ሬስቶራንቶች አሉ፤ እነሱ ግን ሥጋ ሥጋ ነው የሚሉት። በፍልሰታ ምን ይሠሩልሻል?

በይ ፍርድሽን ስጪ ካልሽኝ እንዲህ ነው። መርከብሽ አስቀድሞ ሰዓት የሚያስይዝ ከሆነ እንደፈለግሽ የሚለውን ውሰጂ፤ ግን በየቀኑ 12 ሰዓት አድርገሽ ያዢው። ወደብ ውላችሁ ከዘገያችሁ ያንን ቀን ብቻ ታዛውሪያለሽ፤ ጥቅሙ እሱ ነው። የማያስይዝ ከሆነ ግን ቋሚውን፣ አንደኛውን ዙር። ልጆችሽ ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ከመዋኛው በጊዜ ውጡ ስትያቸው ማለቴ ነው። ያጉረምርሙ! ማታ ፒዛ አይጠፋም። ሁለተኛውን ዙር ለእናንተ አልመክርም። ከጣፋጩ ስትነሱ 4 ሰዓት ሊሆን ነው፤ እማማ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ።

ጥቃቅኑን ልጨርስ። ቲፑ በቀን በሰው ከ15 እስከ 20 ዶላር ገደማ በሂሳብሽ ላይ ራሱ ይደመራል። ቋሚም ሆንሽ አልሆንሽ ያው ነው። እኛ ለዚያ የህንድ ልጅ መጨረሻ ላይ በፖስታ ጨመር አድርገንለታል። እማማ ሽሮና እንጀራ ልያዝ እንዳይሉሽ፤ ቤት የተሠራ ምግብ በር ላይ ያስቀሩታል። ፋብሪካ የታሸገ ቆሎ ግን አይከለክሉም። ቪዛቸውም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን እዪ። መርከቡ ባሃማስ ደርሶ ሲመለስ እንደገና አሜሪካ መግባት ነውና። ባሃማስ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠይቀውንም ኤጀንቱ አጣርቶ ይንገርሽ።

አሁን ይሄን አንብበሽ እንዳበቃሽ ለኤጀንቱ ደውዪ። አንደኛው ዙር ቤተሰብና አዛውንት ስለሚሻማበት ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ ተጠባባቂ ላይ ያስገቡሻል። ስትጨርሺ ለኔም ደውዪልኝ። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ልጆቹን ለባሌ እጥላቸውና እናወራለን። ስለ መርከቡ ሳይሆን ስለ ሌላው ሁሉ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አብሮ አደግሽ

ሊረሳኝ ነበር፤ አንድ ሁለት ማታ ሰው የክት ልብሱን የሚለብስበት ራት አለ። የሀበሻ ቀሚሳችሁን ያዙ። አማቴ በጥበብ ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው፤ ፎቶ አንሺውም በነጻ አነሳቸው።