ስልኩ ያላሳየሽ እግር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ደህና ነኝ። «አሁን» የምትለዋን ቃል ሚጣ ስታነብልሽ ቀድመሽ እንደምትይዣት አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልዞር ልናገር። ኅዳር ላይ ቀኝ እግሬን ቀዶ ጥገና ተደርጌያለሁ። ደንግጠሽ እንዳትነሺ። ሚጣ፣ ለአያትሽ ውሃ አቀብያትና ቀጥይ።

አደጋ አይደለም። መኪናም አልገጨኝም። አውራ ጣቴ ሥር ጉብ ብሎ የወጣው አጥንት ነው። ያንቺው አጥንት።

ስልክ ብደውል ይቀል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ግማሹን ሰምተሽ በግማሹ ስትጨነቂ ታድሪያለሽ። ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ስንደዋወል ስልኩን ከአንገቴ በላይ ብቻ ነበር የምይዘው። እግሬ ወዲያ ሦስት ትራስ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን «ከኋላሽ የቆመው ብረት ምንድን ነው?» አልሽኝ። ክራንቼ ነበር። «የመጋረጃ ማንጠልጠያ ነው» አልኩሽ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወንድሜም ያውቃል። እሱን አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስማልኩት። ደግሞ ከማን ተማርነው? አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ «አጎትሽ ጋ ሄዷል» ብለሽ ሁለት ሳምንት የደበቅሽኝን ረሳሽው?

ያንቺን እግር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከሰኞ ገበያ ስትመለሺ ደፉ ላይ ቁጭ ትያለሽ፣ ውሃ የማቀርበው እኔ ነኝ። ያ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማሽ ትዝ ይልሻል? አጥንቱን እንዳይነካሽ ጎኑን በምላጭ ክብ አድርገሽ ቀደሽው ነበር። አጥንቱ በዚያ ቀዳዳ ብቅ ይል ነበር፣ በመስኮት እንደሚያይ ሰው። እኔ በዚያ ጫማ አፍር ነበር። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ በሱ እንዳትመጪ እለምንሽ ነበር፣ አንቺም የጎረቤት ጫማ ተውሰሽ እያነከስሽ መጣሽ። ይህን ያስታወስኩት መቼ መሰለሽ? ባለፈው ዓመት፣ በ38 ዓመቴ፣ ሥራ ለመሄድ የስኒከሬን ጎን በመቀስ ስቀድ።

ሐኪሟ እግሬን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እናትሽም እንዲህ ናት?» ብላ ነው። የእግር ቅርጽ ይወረሳል አለችኝ። ጠባብ ጫማና ቀኑን ሙሉ መቆም ደግሞ ያባብሰዋል። እኔ ግሮሰሪ ውስጥ ካሽየር ነኝ፣ ስምንት ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው። አጥንቱን ወደ ቦታው የሚመልስ ቅባትም ማሰሪያም የለም። ለማማር ብለውም አይቆርጡትም። ሰፊ ጫማ ሞከርኩ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ሞከርኩ። ሕመሙ ማታ ማታ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው እሺ ያልኩት።

ኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ገባሁ። ከአውራ ጣቱ ኋላ ያለውን ረጅም አጥንት ቆርጠው፣ ወደ ውስጥ ገፍተው፣ በሁለት ትንንሽ ብሎን አሰሩት። አዎ፣ ብሎን። እዚያው ይኖራል፣ ካላስቸገረኝ አይወጣም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ።

መጀመሪያ ምንም አላመመኝም። ማደንዘዣው እግሬን የሰው እግር አድርጎት ነበር፣ ብነካው የኔ አይመስለኝም። «ማደንዘዣው ሳይለቅሽ ክኒኑን ዋጪ» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጀግና ነኝ፣ ካላመመኝ ለምን እውጣለሁ ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለቀቀኝ። እማዬ፣ ያኔ ያልኩትን ልንገርሽ? «እናቴን!» ነው ያልኩት። ደጋግሜ። ስምሽን እየጠራሁ አድሬ ጠዋት ስትደውይ «ሰላም ነኝ፣ ተኝቼ ነው» አልኩሽ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ መተኛት ሆነ። እግር ከልብ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ እብጠቱ እንዲወርድ። ለሽንት ቤት ተነሥቼ እግሬን ዝቅ ሳደርገው ደሙ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ጣቶቼ እንደ በሰለ እንጆሪ ይቀላሉ። በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቴን አንቀሳቅሳለሁ፣ ዝም ብሎ የተኛ እግር ውስጥ ደም ይረጋል ብለው ስላስፈራሩኝ። ገላዬን የምታጠበው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፣ እግሬ ፌስታል ለብሶ፣ ፌስታሉ በፕላስተር ታስሮ፣ ከመጋረጃው ውጭ ተዘርግቶ። ብታይኝ ትስቂ ነበር።

የነቢያት ጾም ደግሞ በሳምንቱ ገባ። ምን እንደምትይ አውቃለሁ፣ ለበሽተኛ ጾም የለም። የንስሐ አባቴም ያንኑ አሉኝ። ጓደኞቼ ተራ ገብተው አመጡልኝ፦ አንዷ የአጥንት ሾርባ፣ አንዷ አጥሚት። አጥሚቱን ስጠጣ የወለድኩ መሰለኝ። ልጁ የታለ?

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቡና አማረኝ። ያለ ቡና መተኛት ደግሞ ምን ዓይነት መተኛት ነው? ጀበናዋን ትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥጄ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ገነፈለች። ጢሱን ሳይ ክራንቹንም፣ ስቆም እንድለብሰው የሰጡኝን የሐኪም ቡትም ትቼ ዘልዬ ተነሣሁ፣ ሁለት እርምጃ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ነው ያወቅሁት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቡናው ምድጃው ላይ እየተንጨረጨረ፣ ብሎኑ ወልቆ ይሆን እያልኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ራጅ ተነሣሁ። ብሎኑም አጥንቱም በቦታው ነው። ሐኪሟ «ለምን ተነሣሽ?» አለችኝ። ቡና ገንፍሎ ብላት ዝም ብላ አየችኝ። ገብቷት ይሆን?

ታኅሣሥ ገብርኤልን መቅረት አልቻልኩም። ቡቱ እንዳለ ነው፣ ከጉልበት በታች ያለ ትልቅ ጥቁር ነገር። ከበሩ ስደርስ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ቡቱን ባወልቅ መርገጥ አልችልም፣ ባላወልቅ መግባት አልችልም። ከደጅ ሆኜ ላስቀድስ ስል አንዲት እናት አይተውኝ ወንበር ጎትተው አመጡልኝ። ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። ቅዳሴው መሐል ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፦ «ልጄ፣ ወጌሻ አሳይተሻል?» አሉኝ። ባሕር ተሻግሬ አንቺን አገኘሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስድስት ሳምንት ሞላኝ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ አጥንቱ ይዟል። ቡቱ ወለቀ። ጫማ ገዛሁ፣ ከልኬ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ። ለካ መዳን ማለት መራመድ ብቻ አይደለም። እግሬ መሄድን ረስቶት ነበር። አውራ ጣቱን ሽሽት በውጭው ጠርዝ እረግጣለሁ፣ ወገቤ ያመኛል። ለዚህ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ።

ልጁ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። «በዚህ እግር ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሩጫ፣ ታኮ ጫማ፣ ጭፈራ ይለዋል መሰለኝ። እኔ ስግደት አልኩት። አልገባውም። ስለዚህ ክሊኒኩ ወለል ላይ ላሳየው ሞከርኩ፦ ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ከዚያ ልነሣ ስል ጣቴ አልታጠፍ አለኝና በአራት እግሬ ቀረሁ። ልጁ ወዲያው ገባው። «ስትነሺ ክብደትሽ ሁሉ በአውራ ጣትሽ መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚያርፈው» አለኝ። ስቅለት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰግጂ፣ በዚያ እግርሽ፣ ስንት ጊዜ እንደምትነሺ ያን ቀን ነው ያሰብኩት። አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» ስትይ አልሰማሁም።

አሁን ጠዋትና ማታ ጣቴን በእጄ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች አጥፋለሁ። ወለሉ ላይ ፎጣ አነጥፍና በጣቶቼ እሰበስበዋለሁ። ሲነገር ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ፎጣው ንቅንቅ አላለም፣ ጣቶቼን እያየሁ አዛለሁ፣ እነሱ አይሰሙም። አሁን ሙሉውን ጠቅልዬ አነሣዋለሁ።

መኪና መንዳት የጀመርኩት ከቡቱ በኋላ ነው፣ ፍሬን የሚረግጠው ቀኝ እግር ስለሆነ። ሥራ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ፣ በአሥረኛው ሳምንት። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ በየመሐሉ እየተቀመጥኩ። ማታ ስመለስ እግሬ ያብጣል፣ የካልሲዬ መስመር ሥጋዬ ላይ ታትሞ ይቀራል። እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ሊያብጥ ይችላል ብለውኛል። ጠባሳው ዙሪያ ደግሞ ድንዝዝ ያለ ቦታ አለ፣ ስነካው ካልሲ የለበሰ ይመስላል።

በገና የላክሁልሽ ገንዘብ ያነሰውም ለዚህ ነው። የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ሲታመም እስከ 12 ሳምንት ሥራው እንዳይወሰድበት የሚጠብቅ ሕግ እዚህ አለ፣ ደመወዝ ግን አይከፍልም። አንቺ «ለምን አነሰ?» አላልሽም። ዝም አልሽ፣ እኔም ዝምታሽን እያሰብኩ አደርኩ።

አሁን ወዳንቺ እግር ልምጣ። የኔ ስለተሠራ ያንቺም ይሠራ አልልም። እንዳንቺ ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ያ ከሐኪምሽ ጋር የሚታይ ነገር ነው። ግን ምላጩን ተዪው። በመድኃኔዓለም! ተረከዝሽንና አጥንቱ ላይ የደደረውን በምላጭ እንደምትልጪው ወንድሜ ነግሮኛል። (አየሽ፣ እሱ ለሁለታችንም ነው የሚሰልለው።) ስኳር እግርን ያደነዝዛል፣ ብትቆረጪ ላይሰማሽ ይችላል። ማታ ማታ ሚጣ የእግርሽን ሥር ትይልሽ፣ ጣቶችሽ መሐልም። ጫማሽን ከማጥለቅሽ በፊት እጅሽን ከተሽ ዳብሺው፣ ጠጠር አይጠፋም። የጨው ውሃውንም ተዪው ብልሽ አትሰሚኝም፤ እንግዲያው ሙቀቱን በእግርሽ ሳይሆን በክርንሽ ለኪው። ወጌሻውም በቅቤ ቢያሽሽ ጅማትሽ ይለሰልስ ይሆናል፣ አጥንቱን ግን እንዳይጫንብሽ።

ምርኩዝሽንም በየትኛው እጅ እንደምትይዢ በቪዲዮ አይቻለሁ። የሚያምሽ ግራው ነው፣ ምርኩዙንም በግራሽ ትይዢዋለሽ። በቀኝሽ ያዢው። ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ይራመዱ። ለሁለት ቀን ግራ ይገባሻል፣ በሦስተኛው ይለመዳል። ደረጃ ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው። እኔ ክራንች ላይ ሆኜ ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የደገምኩት።

ለሰሙነ ሕማማት እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። የደረስኩ ቀን ማታ ሳፋ ይዘሽ እግሬን ልታጥቢ እንደምትነሺ ስለማውቅ ነው ዛሬ የነገርኩሽ። ጠባሳውን በእጅሽ ዳብሰሽ ከምታገኚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ስቅለት ላይ ካንቺ እኩል አልሰግድም፣ በወንበር ተደግፌ የቻልኩትን ያህል።

እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማታ፣ እግርሽ አበጥ ሲል፣ ሚጣ ከደብተሯ ሁለት ወረቀት ገንጥላ ወለሉ ላይ ታንጥፍልሽ። ተቀምጠሽ ሳይሆን ቆመሽበት። ሁለቱንም እግር፣ እኩል አይሆኑምና። በእስክሪብቶ ዙሪያውን ትከተለው። ሚጣ፣ አጥንቱ ጋ ስትደርሺ አቋርጠሽ እንዳትሄጂ፣ ዞረሽ እለፊ። ከዚያ በማስመሪያ ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊበት፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሰፋፊ ጫማ የሚሸጥበት ቤት አግኝቻለሁ። ቀለሙን አያትሽ ትምረጥ። ጥቁር ካለችም ጥቁር።

ልጅሽ