ሙድ እስኪመጣ አንጠብቅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ወጣት ጸሐፊዎች ስለ ተመስጦ ሲያወሩ ደጋግሜ አነባለሁ። ሙዱ ካልመጣ አይጻፍም ይላሉ። አልስማማም። በተለይ ስለተጎዱ ሰዎች መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ይሄ አባባል ጎጂ ነው።

እስቲ ሩሲያዊውን ጸሐፊ አንቶን ቼኾቭን እንይ። ሐኪም ነው፣ ራሱም ሳንባው ታሟል። እ.ኤ.አ. በ1890፣ የሳይቤሪያ ባቡር ገና ሳይዘረጋ፣ በፈረስ ጋሪና በጀልባ ተጉዞ እስረኞች ወደሚጋዙባት ሳክሃሊን ደሴት ሄደ። እዚያ ደርሶ በማዘን ብቻ አላበቃም። ካርድ አሳትሞ ቤት ለቤት እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ማንበብ ይችል እንደሆነ፣ ሕመም እንዳለበት ሳይቀር እየጠየቀ በሦስት ወር ገደማ ወደ 10,000 ካርድ ሞላ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አዎ። ግን ሰው ቁጥር ሆኖ በሚኖርበት ቦታ ስምህ ማነው ብሎ መጠየቅን የመሰለ ርኅራኄ እኔ አላውቅም፤ የሚጻፈው ነገርም የሚገኘው እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው።

ስለ ደሴቲቱ የጻፈው መጽሐፍ ተጠናቆ የታተመው በ1895 ነው። በመሃል፣ በ1892 ኮሌራ ሲያሰጋ፣ ያለ ደመወዝ የገጠር ሐኪም ሆኖ አገልግሏል። ጽሑፉንም አልተወም።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ጸሐፊዎቻችንን ስለ ተመስጦ ብቻ አይጠይቅ። ማንን ሄደው አነጋገሩ? በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ? ይሄን ብትጠይቁልን ለጀማሪዎች ትልቅ ስንቅ ይሆናል።

አክባሪያችሁ፣ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ